330 ዲግሪ

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። ሊቢያ ውስጥ፣ ቤንጋዚ አጠገብ ያለው የቤኒና ሬዲዮ ጣቢያ ከሰማይ ጥሪ ደረሰው። ጠሪው ዊሊያም ሃተን የሚባል አሜሪካዊ አብራሪ ነው። አቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያዬ አልሠራ ብሎኛል፣ ጣቢያችሁ በየት በኩል ነው ይላል። የጣቢያው ሰዎች አንቴናቸውን አዙረው ድምፁ የሚመጣበትን መስመር ለኩ። 330 ዲግሪ። ሰሜን ምዕራብ፣ በባሕሩ በኩል። ከጣሊያን የሚመለስ አውሮፕላን ሊመጣበት የሚገባው አቅጣጫ ይኸው ስለሆነ ማንም አልደነገጠም።

አውሮፕላኑ ግን በዚያ በኩል አልነበረም። ጣቢያውን ካለፈ ቆይቷል። ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ወደ ሰሃራ እየገባ ነው።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1943 ለ5 አጥቢያ ነው። በእኛ መጋቢት 26 ቀን 1935 ዓ.ም. መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች ቀኖቹን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በሐበሻ እጽፋለሁ፤ ታገሡኝ።) አውሮፕላኑ «ሌዲ ቢ ጉድ» የሚል ስም የተጻፈበት ቢ-24 ቦምብ ጣይ ነው። ውስጡ 9 ሰዎች አሉ። ስለ አንዱ ነው የምጽፈው፤ ስለ ናቪጌተሩ፣ ማለትም መንገዱን ስለሚያሰላው ሰው። ምክትል መቶ አለቃ ዲፒ ሄይስ ይባላል፤ ሚዙሪ ውስጥ ሊስ ሰሚት ከምትባል ከተማ የመጣ ልጅ።

የምኖረው ኮሎምበስ ኦሃዮ ነው። ዴይተን ያለው የአሜሪካ አየር ኃይል ብሔራዊ ሙዚየም ከእኛ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ቢያስነዳ ነው። መግቢያው ነፃ ነው። ልጆች ላሉት ሐበሻ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እኔም ልጆቼ ጄት እያዩ ሲሯሯጡ ነው የ«ሌዲ ቢ ጉድ» ቅሪቶች ያሉበት ቦታ ላይ የቆምኩት። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ጽሑፉን አንብበው ጨረሱና ለሚስታቸው «ናቪጌተሩ ነው ያስጨረሳቸው» አሏቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው አውሮፕላን ሄዱ።

እኔ አልሄድኩም። ነገሩ ከነከነኝ። ቤት ገብቼ ስለዚህ በረራ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ባነበብኩ ቁጥር የሽማግሌው ፍርድ ይበልጥ አልዋጥልህ አለኝ።

በመጀመሪያ ናቪጌተር ምን እንደሚሠራ እናውራ፤ ዛሬ ሥራው ከሞላ ጎደል ጠፍቷልና። ቢ-24 ላይ ቦታው አፍንጫው ላይ ነው፣ ጠባብ ጥግ። ትንሽ ጠረጴዛ፣ ካርታ፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ሰዓት፣ ኮምፓስ። አውሮፕላኑ በስንት ፍጥነት፣ በየትኛው አቅጣጫ፣ ለስንት ደቂቃ እንደበረረ ያውቃል። ከዚያ አሁን የት እንዳለን ያሰላል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሥራውን የሚያበላሸው ነፋስ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ካላወቅህበት በአንድ ሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከመስመርህ ያወጣሃል። አንተ ግን ምንም አይሰማህም። ኮምፓሱም ፍጥነት መለኪያውም ደህና ነው የሚሉት።

ቀን ከሆነና ከታች መሬት ካለ ወንዝና ከተማ አይቶ ራሱን ያርማል። ባሕር ላይ ከሆነ በመሣሪያ ቁልቁል ማዕበሉን እያየ ነፋሱ ስንት እንደገፋው ይገምታል። ሌሊት ከሆነ ሴክስታንቱን ይዞ በመስታወቱ ጉልላት በኩል ከዋክብትን ይለካል። ደመና ከሸፈናቸው ደግሞ የቀረው የቀድሞው ስሌት ብቻ ነው። የናቪጌተር ስህተት እንደ አራጣ ብድር ነው። ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ይወልዳል።

አሜሪካ በጦርነቱ ዓመታት ይህን ሥራ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ወጣቶች አስተምራለች። ከክፍልና ከመሥሪያ ቤት የተነሱ ልጆች በጥቂት ወራት ሥልጠና አህጉር ተሻገሩ። ሄይስ ከእነሱ አንዱ ነው። ያን ቀን የመጀመሪያ የውጊያ በረራው ነበር። ቡድኑም አብሮ ለውጊያ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። አውሮፕላኗም የጦር ሰፈሩ ከደረሰች ሁለት ሳምንት አልሞላትም።

የዕለቱ ዒላማ የናፖሊ ወደብ ነው። ናፖሊ ለእኛ ባዕድ ስም አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ የጣሊያን ወታደር በመርከብ ተጭኖ ወደ ምጽዋ ከመጣባቸው ወደቦች ዋነኛው ነው። ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በሁለት ዓመቷ ያው ወደብ በተራው ቦምብ ሊወርድበት ነው። አያቶቻችን ይህን በሬዲዮ ሰምተው ከሆነ አዝነዋል ብዬ አላስብም።

ከቤንጋዚ በስተደቡብ ካለው ከሶሉክ ሜዳ 25 አውሮፕላኖች ተነሱ። የአሸዋ አውሎ ነፋስ ነበር። አንዳንዶቹ ሞተራቸው አሸዋ ስቦ ከመንገድ ተመለሱ። «ሌዲ ቢ ጉድ» ከመጨረሻዎቹ ጋር ከቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳች። ናፖሊ ሲቃረቡ መሽቷል፣ ዒላማው በደንብ አይታይም። ስለዚህ ዞሩ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ለራሱ ነበር። በጨለማ፣ ባሕር ላይ፣ መሪ አውሮፕላን ሳይኖር።

አሁን ወደ 330 ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዚያ ዘመን የጣቢያ አንቴና ክብ ቀለበት ነው። ቀለበቱን እያዞርክ ድምፁ የሚደክምበትን ቦታ ስታገኝ አውሮፕላኑ ያለበትን መስመር አወቅህ ማለት ነው። መስመሩን እንጂ ጎኑን አይነግርህም። አውሮፕላኑ ከፊትህ በ330 ቢሆንም ከኋላህ በ150 ቢሆንም ቀለበቱ ላይ የምታነበው አንድ ነው። ለይቶ ለማወቅ ሌላ ጣቢያ ወይም ሌላ ልኬት ያስፈልጋል። የቤኒና ጣቢያ አንድ ቀለበት፣ አንድ ልኬት ነበረው። አውሮፕላኑ ከባሕር እየመጣ ነው ብለው አሰቡ። እንደዚያ ማሰባቸውም ሞኝነት አይደለም። ከጣሊያን የሚመለስ ሰው ሌላ ከየት ይመጣል?

ሃተን ያቺን ቁጥር ሲሰማ ገና ባሕር ላይ ነኝ ብሎ ቀጠለ። ሶሉክ ላይ ምልክት እንዲሆን የብርሃን ጥይት ወደ ሰማይ ተተኩሶ ነበር። አላዩትም። ከታች ያለው ውሃ ይሁን አሸዋ በዚያ ጨለማ መለየት አይቻልም። ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ እንዲሁ በረሩ። ነዳጁ ሲያልቅ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ሁሉም በፓራሹት ዘለሉ።

አውሮፕላኗ ግን ሰው አልባ ሆና 26 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጠለች። ከዚያ በሆዷ አሸዋው ላይ ተኛች። ጀርባዋ ለሁለት ተሰበረ እንጂ አልተቃጠለችም። ውስጧ ውሃ ነበር፣ ምግብ ነበር፣ የሚሠራ ሬዲዮ ነበር። ዘጠኙ ሰዎች ይህን አያውቁም። ወድቃ ተበታትናለች ብለው ነው የሚያስቡት፤ ማንም ቢሆን እንዲያ ነው የሚያስበው። በማግስቱ ሊፈልጓቸው የወጡት ደግሞ ምንም ፍንጭ አላገኙም። ቤተሰቦቻቸውም ሜዲትራኒያን በላቸው ብለው እያሰቡ ዓመታት ተቆጠሩ። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ምን እንደሆነ ለሐበሻ አላስረዳም። ቁርጥ አለማወቅ ከመርዶው ይከፋል።

በ1958 መጨረሻ የእንግሊዝ ነዳጅ ፈላጊዎች አውሮፕላኗን ከአየር ላይ አዩአት። መጀመሪያ ማንም ቁብ አልሰጣቸውም። በዚያ አካባቢ የጠፋ አውሮፕላን መዝገቡ ላይ የለማ! ከሶሉክ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በረሃው መሃል ነው የተኛችው። በ1959 የአሜሪካ አየር ኃይል ሰዎች ደርሰው ሲገቡ መትረየሶቹ ገና መተኮስ ይችሉ ነበር፤ ፔርሙስ ውስጥ የቀረው መጠጥ እንኳን አልተበላሸም። ሰው ግን የለም። ፓራሹትም የለም።

የሄይስ መዝገብም ተገኘ። ናቪጌተር በበረራ ላይ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን፣ ቦታውን የሚጽፍበት ነው። ከናፖሊ ከዞሩ በኋላ ስለነበረው ጉዞ ምንም አይልም።

«ናቪጌተሩ ነው ያስጨረሳቸው» የሚለው ፍርድ ብዙ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚህ ባዶ ገጽ ነው። ልጁ ተደናግጦ ሥራውን ትቶታል ይሉታል። ሊሆን ይችላል። ግን ባዶ ገጽ የሚመሰክረው በዚያ ገጽ ላይ አለመጻፉን ብቻ ነው። ካርታው ላይ ሲያሰላ ሊሆን ይችላል፤ በመስታወቱ ጉልላት ኮከብ ሲፈልግ ሊሆን ይችላል። እኔ ፈርቶም ከሆነ አልፈርድበትም። አቅጣጫ ጠቋሚው መሣሪያ ያልሠራው በእሱ ጥፋት አይደለም። አንድ ቀለበት ያለው ጣቢያ ያቆመው እሱ አይደለም። አዲስ ቡድን በአሸዋ አውሎ ነፋስ ከመጨረሻዎቹ ጋር ያስነሳውም እሱ አይደለም። አብራሪው፣ ጣቢያው፣ አዛዡ፣ ሰማዩ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ግን «የት ነን?» የሚለው ጥያቄ የእሱ ሥራ ስለሆነ መልሱ ሲጠፋ የሁሉም ድርሻ እሱ ላይ ተጫነ። ስለ ሃተን የሚያወራ ሰው «ምስኪን» ነው የሚለው። ሄይስን ግን ይወቅሰዋል። ሁለቱም የሞቱት አንድ ቦታ ነው።

ከዘለሉ በኋላ የሆነውን የምናውቀው በዋነኝነት ረዳት አብራሪው ሮበርት ቶነር ኪሱ ውስጥ ከያዛት ትንሽ ማስታወሻ ነው። ስምንቱ በጨለማ ተፈላልገው ተገናኙ። ቦምብ አነጣጣሪው ጆን ዎራቭካ አልተገኘም። ፓራሹቱ በደንብ ሳይከፈት ቀርቶ መሬት ሲደርስ እንደሞተ የታወቀው ከ17 ዓመት በኋላ ነው። እነሱ ግን ፈለጉት። ቶነር በማግስቱም ጆን አሁንም የለም ብሎ ጽፏል።

ከዚያ መራመድ ጀመሩ። ለስምንት ሰው ግማሽ ኮዳ ውሃ። በቀን ለአንድ ሰው አንድ የኮዳ ክዳን። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ። ትንሽ ያርፋሉ፣ ትንሽ ይሄዳሉ። ከኋላቸው የሚመጣ ቢኖር ብለው የፓራሹት ቁራጭ በቀስት ቅርጽ እየዘረጉ ድንጋይ ይጭኑበታል።

የሄዱት ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ካርታ አውጥቼ ራሴ ለካሁት። አውሮፕላኗ ከወደቀችበት ወደ ሶሉክ መስመር ብትጎትቱ አቅጣጫው 330 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ያው ቁጥር። በሰማይ ያሳሳታቸው ቁጥር በምድር ላይ የቤታቸው መንገድ ነበር። ኮምፓሱን ማንም ይያዘው፣ እነዚያ ሰዎች ያለ ውሃ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በትክክለኛው አቅጣጫ ሄደዋል። አቅጣጫውን አልሳቱም። የሳቱት ርቀቱን ነው። ባሕሩ ቅርብ መስሏቸዋል፤ ገና በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይቀራቸው ነበር። ውሃና ሬዲዮ ያላት አውሮፕላን ደግሞ ከጀርባቸው ነበረች።

የአክስቴ ልጅ በዚያ በረሃ አልፏል። ከኩፍራ ወደ አጅዳቢያ። ይህን መንገድ ከእኛ ሰው ብዙው ያውቀዋል። ካርታ ላይ ብታዩት አውሮፕላኗ የወደቀችበት የካላንሺዮ አሸዋ ከዚሁ መስመር በስተምሥራቅ ነው። በፒክ አፕ ላይ እንደ ዕቃ ተጭነው፣ ብዙ እንዳይጠጡት ቤንዚን የተቀላቀለበት ውሃ ይዘው ነው የሄዱት። አሁን ጀርመን ነው። ስለዚያ ጉዞ ብዙ አያወራም። ስለ ሄይስ ስነግረው ግን ተከፈተ። የእነሱም ሾፌር መንገድ ስቶ ነበር። ሰው ሁሉ ይሰድበዋል፣ አንዱ ሊደበድበው ተነሳ። «እኔም ሰድቤዋለሁ» አለኝ። «በኋላ ሳስበው ግን እሱም ያንኑ ውሃ ነው የሚጠጣው። አውቆ የሚጠፋ ሾፌር የት አለ?»

ከዚህ የተሻለ የመከላከያ ንግግር ለሄይስ ያቀረበለት አላየሁም።

ኤፕሪል 9 ቀን አምስቱ መራመድ አቃታቸው። ሃተን፣ ቶነር፣ ሄይስ፣ ላሞት እና አዳምስ። ሦስቱ፣ መትረየስ ተኳሾቹ ሼሊና ሙር፣ እንዲሁም የበረራ መሐንዲሱ ሪፕስሊንገር፣ እርዳታ እናመጣለን ብለው ቀጠሉ። የቶነር ማስታወሻ ከዚያ ወዲያ እያጠረ ይሄዳል። ዓይናችን ደክሟል፣ እንጸልያለን፣ ብርዱ ከባድ ነው። የመጨረሻው የ12ኛው ቀን ነው፤ እርዳታ አልመጣም፣ ሌሊቱ በጣም ቀዝቃዛ ነው ይላል። ስምንት ቀን መሆኑ ነው። ስለ ሄይስ ለብቻው የተጻፈ ነገር የለም። ተወቃሽም ተወዳሽም አይደለም። ከአምስቱ አንዱ ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ስቃይ ውስጥ የማሳበቢያ ሰው ለመፈለግ ከእነሱ የበለጠ ምክንያት የነበረው የለም፤ ማስታወሻው ውስጥ ግን አንድም ወቀሳ የለም።

በፌብሩዋሪ 1960 ነዳጅ ፈላጊዎች አምስቱን አንድ ቦታ አገኟቸው። ባትሪ፣ የገንዘብ ቦርሳ፣ ጃኬት፣ የፓራሹት ጨርቅና ያቺ ማስታወሻ ዙሪያውን ተበትነው ነበር። በሜይ ሼሊና ሪፕስሊንገር ተገኙ፣ ከአምስቱ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ አሸዋው ተራራ በሆነበት። በኦገስት ዎራቭካ። ሙር እስከ ዛሬ በይፋ አልተገኘም። አውሮፕላኗን በ1994 ሊቢያውያን ነቃቅለው ወደ ቶብሩክ ወሰዷት።

ስለ «ሌዲ ቢ ጉድ» ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ ቶሎ የሚመጣላችሁ የእርግማን ወሬ ነው። ከእሷ ተነቅለው ሌላ አውሮፕላን ላይ የተገጠሙ ዕቃዎች መዘዝ አመጡ ይባላል። እኔ አልወደውም። ስምንት ሰው በጥም በሞተበት ታሪክ ላይ መንፈስ መጨመር ምን ይባላል? የሚያስፈራ ነገር ከፈለጋችሁ ቀለበቱ አንቴና ይበቃችኋል።

ይህን መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ለአክስቴ ልጅ የካርታውን ፎቶ ልኬለት ነበር። ወዲያው ደወለ። ስለ አውሮፕላኗም ስለ ሬዲዮውም አልጠየቀኝም።

«ሦስቱ ሲለዩ ውሃውን ማን ያዘው?» አለኝ።

ማስታወሻውን አየሁ። ቶነር በተለያዩበት ቀን ገና ጥቂት ውሃ አለን ይላል። ከሁለት ቀን በኋላም ምላስ ማርጠቢያ ያህል ቀርቶናል ብሏል። ስለዚህ ተካፍለዋል ማለት ነው አልኩት፤ ወይም ሦስቱ ለአምስቱ ትተውላቸው ነው።

«መሄድ ለማይችለው?»

«መሄድ ለማይችለው። ናቪጌተሩም እዚያው ነበር» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «እኛ መኪና ላይ ይህን የሚያደርግ አልነበረም» አለና ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ያወራኝ ጀመር።